50 ሚሊዮን ዶሮ፦ የሞዛምቢክ ትረካ

ሎንዶን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አንድ ወንበር አለ። መደገፊያው ጠመንጃ፣ እግሩ ጠመንጃ፣ የክንድ ማሳረፊያው ጠመንጃ። ክላሽ የሚያውቅ ሰው አፈሙዙንና ካዝናውን አንድ በአንድ እየለየ ይጠራዋል። የሠራው ኬስተር በሚል ስም የሚታወቅ ሞዛምቢካዊ ሠዓሊና ቀራፂ ነው፤ ዓመቱ 2001። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ወደ እኛ መመለሱን ለእናንተ ትቻለሁ።) መደገፊያው የፖርቱጋል ጦር ይይዘው የነበረው ጂ-3 ነው። ሌሎቹ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከፖላንድ፣ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ናቸው። ሞዛምቢክ ውስጥ የተሠራ አንድም የለበትም። አገሪቱን ያደቀቃት ብረት በሙሉ ከውጭ የገባ ነው። ይህን ያዙልኝና ወደ ታሪኩ እንግባ።

ሞዛምቢክ በ1975 ከፖርቱጋል ነፃ ወጣች። ፖርቱጋሎቹ ሲሄዱ መሐንዲሱም፣ ሐኪሙም፣ ሒሳብ ያዡም አብሮ ሄደ። ከቀረው ሕዝብ ከመቶ ዘጠናው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ጦርነት ገባ። ገዢው ፍሬሊሞ ማርክሳዊ ነኝ አለ። ጎረቤት የነበሩት የነጮች መንግሥታት፣ መጀመሪያ ሮዴዥያ ቀጥሎም አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ፣ ሬናሞ የሚባለውን አማፂ አደራጅተው አስታጠቁ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እየተመረጠ ተቃጠለ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ጥይት ከገደለው ረሃብና በሽታ የገደለው ይበልጣል። 1.7 ሚሊዮኑ ድንበር ተሻገረ። ማላዊ፣ ራሷ ድሃ የሆነችው ማላዊ፣ ብቻዋን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ አስጠጋች።

ሰላሙ የተፈረመው ሮም ነው፤ ኦክቶበር 4 ቀን 1992። አስታራቂዎቹ ኃያላን መንግሥታት አልነበሩም፤ ሳንትኤጂዲዮ የሚባል የካቶሊክ ምዕመናን ማኅበር ነበር። ፕሬዚዳንት ጆአኪም ሺሳኖና የሬናሞው አፎንሶ ድላካማ ከሁለት ዓመት ድርድር በኋላ ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ዜና አውታር ብዙ አላወራውም፤ ለእኔ ግን ከፊርማው የሚበልጠው እሱ ነው። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ቀዬው ተመለሰ። ዳዋ የዋጠውን ማሳ መነጠረ፣ ዘራ። ፍርድ ቤት አልቆመም፤ ምሕረት ታወጀና ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ። ጫካ ገብቶ ሰው የገደለውን ልጅ የአገሬው መድኃኒት አዋቂዎች አጥበው፣ አጥነው፣ ለእናቱ መለሱላት። የጎረቤቱን ጎጆ ያቃጠለና ጎጆው የተቃጠለበት አንድ ጉድጓድ ውኃ ቀዱ። እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ የሚገኝ መስሎን አንለፈው።

በ1995 ደግሞ ጳጳስ ዲኒስ ሴንጉላኔና የክርስቲያን ምክር ቤቱ አንድ ሥራ ጀመሩ፦ ጠመንጃህን አምጣ፣ ዶማ ውሰድ። መሣሪያ ደብቆ የያዘ ሰው አምጥቶ ሲያስረክብ እንደ ብረቱ ብዛትና ዓይነት ዶማ፣ ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይሰጠዋል። የኬስተር ወንበር ብረትም የተገኘው ከዚያ ክምር ነው። ልብ በሉ፣ ሰዉ የጠየቀው ዶማና ሲንጀር ነበር። መሥሪያ ስጡኝ ነው ያለው።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ይጀምራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዓለም የመጨረሻዋ ድሃ ትባል የነበረችው አገር ከ1990ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ ለ20 ዓመት ያህል በአማካይ በዓመት 7 እና 8 በመቶ አደገች። ዋሽንግተን ያሉት አበዳሪዎች ለሌላው አፍሪካ ምሳሌ አድርገው ያሳዩዋት ጀመር። መጀመሪያ ላይ ወሬው እውነት ነበረው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በ1996/97 ከመቶ 69 የነበረው የድሃው ቁጥር በ2002/03 ወደ 54 ወረደ። ያወረደው ግን በአመዛኙ ያ በእግሩ የተመለሰው ገበሬ ነው፤ ጥይት ሲቆም አረሰ፣ መንገድ ሲከፈት ሸጠ። ከዚያ ነገሩ ቆመ። ከስድስት ዓመት በኋላ እንደገና ሲቆጠር ድሃው ያው 54 ነጥብ ምናምን ነበር። ኢኮኖሚው በየዓመቱ 7 በመቶ እያደገ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለችው ሴትዮ ሞዛምቢካዊት ሳትሆን አትቀርም።

ለምን ቆመ? እዚህ ላይ ነው ስለ ካሹ ልነግራችሁ የፈለግሁት።

ካሹ የብራዚል ዛፍ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች በመርከባቸው ይዘውት ዞረው ለሞዛምቢክም ለህንድም አዳረሱት። ሲያፈራ ለማየት ጉድ ነው፦ ቀይ ወይም ቢጫ ጭማቂያም ፍሬ ይንጠለጠላል፤ እኛ ቆልተን የምንበላው ለውዝ ግን ከፍሬው ውጭ፣ ከሥሩ፣ ኩላሊት መስሎ ተቆልምሞ ተጣብቋል። ቅርፊቱ ድርብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ቆዳ የሚልጥ ዘይት አለ። ስለዚህ ዝም ብሎ በጥርስ አይፈለጥም። ይጠበሳል ወይም በእንፋሎት ይበስላል፣ ይሰበራል፣ የውስጥ ሽፋኑ ይላጣል፣ ሙሉው ከስባሪው ይለያል። ዘይቱ የፈልፋዮቹን ጣት ያጠቁረዋል፣ ያቃጥለዋል። ገንዘቡ ያለውም እዚችው ጣት ላይ ነው፤ ጥሬውን የሸጠ አገር የሥራውን ዋጋ ለሌላ አሳልፎ ሰጠ።

በ1960ዎቹ ሞዛምቢክ በካሹ ከዓለም አንደኛ ነበረች፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ200 ሺህ ቶን በላይ ትሰበስብ ነበር። ጦርነቱ ምርቱን ገደለው። ሰላም ሲሆን መንግሥት ፋብሪካዎቹን ለግል ባለሀብቶች ሸጠ። ገዢዎቹ ገንዘባቸውን አፍስሰው ሳይጨርሱ፣ በ1995፣ የዓለም ባንክ ጥሬው ካሹ ወደ ውጭ ሲወጣ የምትቀርጡትን ቀረጥ ቀንሱ አለ። ገበሬው ለህንድ ነጋዴ ይሽጥ፣ ተወዳድረው ሲገዙት ዋጋው ይጨምርለታል ነው ነገሩ። ብድሩም በዚህ ላይ ተንጠለጠለ። ለእውነቱ ከሆነ ክርክሩ ባዶ አልነበረም፤ ፋብሪካዎቹ ያረጁ ነበሩ፣ ለገበሬው የሚከፍሉትም ያሳፍራል። መንግሥት ቀረጡን ቀነሰ። ጥሬው ካሹ በመርከብ ወደ ህንድ ተጫነ፤ እዚያ ያሉ ሴቶች በእጃቸው ፈለፈሉት። ሞዛምቢክ ውስጥ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ 10 ሺህ ያህል ሠራተኛ፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ሥራ ፈቱ።

ገበሬውስ ምን አገኘ? ማርጋሬት ማክሚላን፣ ዳኒ ሮድሪክና ካረን ሆርን ዌልች የሚባሉ ምሁራን በ2002 አስልተው ጻፉት። ካሹ ለሚያመርት አንድ ቤተሰብ የተረፈው ጥቅም፣ ቢበዛ ቢበዛ፣ በዓመት 5 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነው። በወር አይደለም፤ በዓመት። የቀረውን መንገድ ላይ ያለው ነጋዴ ወሰደው። ዛፉም አርጅቶ፣ በሽታ ይዞት፣ የሚተካው አጥቶ ነበር፤ ስለ ዛፉ ያሰበ የለም። በ1999 ፓርላማው ቀረጡን መልሶ ከፍ አደረገ፤ ፋብሪካው ግን ተዘግቶ፣ መኪናው ዝጎ አልፏል። በኋላ ናምፑላ አካባቢ ትናንሽ ፋብሪካዎች፣ ያንኑ የህንድን የእጅ አሠራር ይዘው፣ እንደገና ተከፍተው ለብዙ ሺህ ሰው ሥራ ሰጥተዋል። ይህም የሚያሳየው ነገሩ ከመጀመሪያውም ይቻል እንደነበረ ነው።

ያን ጊዜ ስለ ካሹ ሠራተኞች አብዝቶ ይጮህ የነበረ አንድ ጋዜጠኛ ነበር፤ ካርሎስ ካርዶዞ። ሜቲካል የምትባል ጋዜጣውን በፋክስ ነበር የሚያሰራጨው። ኖቬምበር 22 ቀን 2000 ማፑቶ መንገድ ላይ መኪናው ውስጥ እንዳለ በጥይት ገደሉት። ያን ሰሞን ከአንድ ባንክ ስለ ተዘረፈ 14 ሚሊዮን ዶላር እየመረመረ ነበር። ይህን ስም አትርሱት፤ ገንዘቡ ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በጠፋበት አገር ቀጥሎ የመጣውን ትሰማላችሁ።

ካሹ ሲዘጋ ሌላ ተከፈተ። በ2000 ማፑቶ አጠገብ ሞዛል የሚባል የአሉሚኒየም ማቅለጫ ሥራ ጀመረ፤ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት። ባለቤቶቹ ያን ጊዜ አንድ የውጭ ማዕድን ኩባንያ፣ የጃፓኑ ሚትሱቢሺና የደቡብ አፍሪካ ልማት ድርጅት ሲሆኑ፣ የሞዛምቢክ መንግሥት ድርሻ 4 በመቶ ያህል ነበር። ጥሬ ዕቃው በመርከብ ከአውስትራሊያ ይመጣ፣ የቀለጠው በመርከብ ይወጣ ነበር፤ ሞዛምቢክ መሬትና ወደብ አቀረበች። ቀረጥና ግብር ይቅር ተባለለት፣ ከሽያጩ 1 በመቶ እንዲከፍል ብቻ። ኤክስፖርቱ ሰማይ ነካ፣ የዕድገቱ መቶኛ ተተኮሰ። በቋሚነት የቀጠረው ሠራተኛ ግን 1 ሺህ 100 ያህል ነበር።

የኤሌክትሪኩማ ነገር ሳቅ ሳቅ ይላል። ዛምቤዚ ወንዝ ላይ ካሆራ ባሳ የሚባል ግድብ አለ፤ ከ2 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ያመነጫል። አብዛኛው መብራት በረጅም መስመር ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል፤ ሞዛል ደግሞ ኃይሉን ከደቡብ አፍሪካ ይገዛ ነበር። ማቅለጫው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቀረው የሞዛምቢክ ሕዝብ ሁሉ ተደምሮ ከሚጠቀመው የበለጠ ኃይል ይበላ ነበር። በዚያ ጊዜ ከመቶ ቤት አሥሩ እንኳ መብራት አልነበረውም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው።

ማፑቶ ከዚህ ዘመን በኋላ አማረባት። ፎቅ፣ ሆቴል፣ የባሕር ዳር መንገድ። ሠርቶ አዳሪው ግን ከከተማዋ ዳር ወደ ሥራው የሚሄድበት አጥቶ፣ በክፍት ፒካፕ መኪና ላይ ቆሞ መጫን ጀመረ። የሚይዙት ብረት የለም፤ እንዳይወድቁ ተቃቅፈው ነው የሚቆሙት። ስሙንም «ማይ ላቭ» አሉት። ድህነት ቀልድ አያሳጣም። በሴፕቴምበር 2010 መጀመሪያ የዳቦ ዋጋ ተጨመረ ሲባል ግን ቀልዱ አለቀ። ወጣቱ በሞባይል መልእክት ተጠራርቶ ወጣ፣ ጎማ አቃጠለ፤ ፖሊስ ተኮሰ፣ ከ10 በላይ ሰው ሞተ። መንግሥት ጭማሪውን አነሳ።

በዚያችው ከተማ ዘወትር ረቡዕ የሚሰለፉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ማጀርማኔ ይባላሉ። በ1980ዎቹ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለሥራ የተላኩ ናቸው፣ ከ15 ሺህ በላይ። ከደመወዛቸው የተቆረጠው አገራችሁ ስትመለሱ ትወስዱታላችሁ ተብሎ ነበር። አብዛኛው አልተሰጣቸውም። የምሥራቅ ጀርመንን ባንዲራ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ባንዲራው አገር የለውም፣ ዕዳው ግን ባለቤት አለው።

አሁን ዶሮዎቹ ጋ ደረስን።

በ2010 ሰሜን ሞዛምቢክ፣ ካቦ ዴልጋዶ ባሕር ላይ፣ እጅግ ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። ጋዙ ገና ከባሕሩ ሥር ሳለ ብድሩ መጣ። በ2013 እና 2014 ሦስት የመንግሥት ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ አንዱ የቱና ዓሣ አጥማጅ፣ ሌሎቹ የባሕር ጥበቃና የመርከብ ጥገና ተብለው። ከክሬዲ ስዊስና ከሩሲያው ቪቲቢ ባንክ 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተበደሩ። ዋስትናውን የገንዘብ ሚኒስትሩ ማኑኤል ቻንግ ፈረመ፤ ፓርላማው አልሰማም። ከብድሩ አብዛኛው ለሕዝብም ለአበዳሪዎቹ አይኤምኤፍና ዓለም ባንክም ሳይነገር ተደብቆ ቆየ። በኋላ ኒው ዮርክ ላይ በተከፈተው ክስ መዝገብ እንደተገለጸው፣ ሰዎቹ ስለ ጉቦው በኢሜይል ሲጻጻፉ 50 ሚሊዮን ዶሮ ይላሉ። ዶሮ ማለት ዶላር ነው። እኔ ይህን ሳነብ የሳቅሁት ሳቅ ሳይጠፋ ነው የተናደድሁት፤ ስንት ሞዛምቢካዊ ቤት ነው አንድ የእውነት ዶሮ ለበዓል የሚያርደው?

የዓሣ ጀልባዎቹ መጡ። 24 ነበሩ። ማፑቶ ወደብ ላይ ታስረው ቆሙ፣ ዛጉ፤ የዓሣው ገቢ ብድሩን ሊከፍል ቀርቶ ነዳጁንም አልሸፈነም። በኤፕሪል 2016 የተደበቀው ዕዳ ወጣ። አይኤምኤፍ ገንዘቡን ያዘ፣ የበጀት ድጋፍ ይሰጡ የነበሩ 14 ለጋሾችም እጃቸውን ሰበሰቡ። የአገሪቱ ገንዘብ፣ ሜቲካል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። ዘይትና ሩዝ ተወደደ፣ በጤና ጣቢያ መድኃኒት ጠፋ። የኖርዌዩ ሲኤምአይና የሞዛምቢኩ የሕዝብ ታማኝነት ማዕከል በ2021 ባወጡት ጥናት የጉዳቱን ልክ ቢያንስ 11 ቢሊዮን ዶላር አድርገው ገመቱት፤ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰውም ወደ ድህነት ገፍቶ አስገብቷል ብለዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ፍርዱስ? መጥቷል፣ ዘግይቶ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የአርማንዶ ጌቡዛ ልጅ በ2022 መጨረሻ 12 ዓመት ተፈረደበት። ክሬዲ ስዊስ በ2021 ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች 475 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሊከፍል ተስማማ። ቻንግ በ2018 ጆሃንስበርግ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዞ፣ በጃንዋሪ 2025 ኒው ዮርክ ላይ የስምንት ዓመት ተኩል እስር ተፈረደበት። ሎንዶን ላይ ሞዛምቢክ ጀልባዎቹን ያቀረበውን መርከብ ሠሪ ኩባንያ ከስሳ በ2024 ረታች። ልብ ብላችሁ ከሆነ ሚኒስትሩም ባንኩም የተቀጡት ከማፑቶ ውጭ ነው፤ ማፑቶ ላይ ፋክስ ያደርግ የነበረው ሰውዬ ከሞተ ቆይቷል።

በ2014/15 ወደ 46 በመቶ ወርዶ የነበረው ድህነት ከዚያ በኋላ ከ60 በመቶ በላይ ሆነ። ሞዛምቢክ ሰላም ካገኘች ከሠላሳ ዓመት በኋላ የድሃው ድርሻ ወደ ጦርነቱ ማግስት ቁጥር ተጠግቷል ማለት ነው።

የጋዙ ምድር ካቦ ዴልጋዶም ጥይት መልሶ አየ። በ2009 ሞንቴፑዌዝ ላይ ሩቢ የሚባለው ቀይ ዕንቁ ሲገኝ ወጣቱ አካፋ ይዞ ወርዶ ነበር፤ ቦታው ለኩባንያ ተሰጠና እየተደበደበ ወጣ። ከአካባቢው ሰው ጋዝ የሚቀጥረው ጥቂት፣ ዓሣ ማስገሪያው ባሕርም እየታጠረ። በኦክቶበር 2017 ሞሲምቦዋ ዳ ፕራያ ላይ ታጣቂዎች ፖሊስ ጣቢያ ወረሩ። ሃይማኖት አሉ፣ እስላማዊ መንግሥት አሉ፤ ሃይማኖቱን ያነሱት ሰዎች ከየት እንደመጡ ብዙ ተጽፏል፣ ጉልበቱን ያገኙት ግን ሥራ ካጣው ልጅ ነው። ማርች 24 ቀን 2021 ፓልማን ሲወሩ የፈረንሳዩ ቶታል 20 ቢሊዮን ዶላር የወጠነበትን የጋዝ ሥራ ጥሎ ወጣ። ሞዛምቢክ የሩዋንዳን ወታደር ጠራች። በ2025 መጨረሻ ኩባንያው እመለሳለሁ አለ። ጦርነቱ ያፈናቀለው ሰው በአንድ ወቅት ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር።

በኦክቶበር 2024 ከምርጫው በኋላ ደግሞ ወጣቱ በየከተማው ወጣ፤ ማታ ማታ ከየመስኮቱ ድስት ይደበድብ ነበር። ውጤቱ ተጭበርብሯል ነበር ጥያቄው፣ ሥራና ዳቦም ነበር። ከ300 በላይ ሰው መሞቱን የአገሬው ታዛቢዎች መዝግበዋል።

ቴቴን ሆን ብዬ ወደ ኋላ አስቀርቻታለሁ። ቴቴ የድንጋይ ከሰል አገር ናት። የብራዚሉ ቫሌ በ2011 ሞአቲዜ ላይ ከሰል አውጥቶ መጫን ከመጀመሩ በፊት ከ1 ሺህ 300 በላይ ቤተሰብ ከመንገዱ ተነሳ። ብዙዎቹ ካቴሜ ወደሚባል ራቅ ያለ ሰፈር ተወሰዱ። ድሮ ከሞአቲዜ ገበያ አጠገብ ማገዶና ጡብ ሸጠው፣ ወንዝ ዳር አትክልት ተክለው ያድሩ ነበር። የተሰጣቸው መሬት ድንጋይ፣ ውኃውም እጥረት ያለበት ሆነ፤ አዲሶቹ ቤቶች ተሰነጣጠቁ። በጃንዋሪ 2012 ወጥተው የከሰሉን ባቡር ሐዲድ ዘጉ፤ ፖሊስ ደብድቦ በተናቸው። ያ ባቡር የሚሄደው ወደ ወደብ ነው። ከእነሱ የሚፈልገው ነገር አልነበረም፤ ከመንገዱ እንዲነሱ ብቻ። ካሹ የሰው ጣት ይፈልግ ነበር፤ አሉሚኒየሙ፣ ጋዙና ከሰሉ አይፈልጉም። የሞዛምቢክ ዕድገት ያለ ሞዛምቢካዊው መሄድ የሚችል ዕድገት ነበር፤ ሄደም።

እዚሁ ቴቴ፣ ማርች 24 ቀን 2020፣ ከማላዊ የገባ አንድ የጭነት መኪና ሞአቲዜ ሚዛን ጣቢያ ላይ ተያዘ። ኮንቴይነሩ ውስጥ የሚደበድብ ድምፅ ተሰማ። ሲከፈት 78 ወንዶች ነበሩበት፤ 64ቱ አየር አጥሯቸው ሞተዋል፣ 14 ተርፈዋል። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ፤ ጉዟቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር። ይህን መንገድ ከሀዲያና ከከምባታ ሰው በላይ የሚያውቀው የለም፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ አልፎ የስንት ቤት ልጅ እንደወረደበት ሆሳዕና ሄዳችሁ ጠይቁ። እነዚያ 78 ልጆች የተነሱባት አገር በዚያ አሥር ዓመት በአማካይ ከ9 በመቶ በላይ አድጋለች ተብላ ነበር። የሚያልፉባት አገር ለ20 ዓመት ምሳሌ ተደርጋ ስትጠቀስ ኖራለች። ከሁለቱ ዕድገት በአንዱም ውስጥ ለእነሱ የሚሆን ሥራ አልተገኘም።